ተረከዙ መሬት የማይረግጥ ልጅ

ጥያቄ፦ «ልጄ በ30 ሳምንቱ ነው የተወለደው፤ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ነበር። ከአንድ ወር በላይ ማሞቂያ ክፍል ቆይቶ ወጣ። አሁን 2 ዓመት ከ5 ወሩ ነው። በ19 ወሩ መራመድ ጀመረ፤ ግን ከጀመረ ጀምሮ በጣቶቹ ጫፍ ነው የሚሄደው። ተረከዙ መሬት የሚነካው ቆም ሲል ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ሐኪም ጋ ስወስደው ‹ይተወዋል፣ ጠብቂ› አለኝ። አማቴ ወጌሻ ይሸው ትላለች። ጎረቤቴ ዎከር ስላልተገዛለት ነው አለችኝ። ልጁ ብልህ ነው፤ ብዙ ያወራል። ጫማ ቶሎ ይጨርሳል፤ በተለይ የቀኙ ጫፍ። ምን ላድርግ? ከባሕር ዳር»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከጻፉት ሁሉ ቆም ያደረገኝ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጓት ነገር ናት፦ «በተለይ የቀኙ ጫፍ»። ቆይቼ እመለስባታለሁ። አስቀድሜ ሊያስጨንቅዎ የማይገባውን ከመንገድ ላንሳ።

ዕድሜውን እንቁጠር። ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ነው፤ ልጅዎ በ30ው መጣ፤ 10 ሳምንት ቀደመ ማለት ነው። እስከ 2 ዓመት ድረስ የእንዲህ ያለ ልጅ እድገት የሚለካው የቀደመበት ጊዜ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ በ19 ወሩ ተራመደ ሲሉ እኛ በ16 ወር ተኩል ግድም ተራመደ ብለን ነው የምንጽፈው። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ ባወጣው መለኪያ ልጅ ያለ ድጋፍ የሚራመደው ከ8 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ልጅዎ አልዘገየም። በልደቱ ቀን ከጎረቤት ልጅ ጋር እያስተያዩ «ኋላ ቀረ» የሚሉ ዘመዶች ካሉ ይህችን ስሌት ይንገሯቸው።

«ይተወዋል» ያለዎት ሐኪምም ዝም ብሎ አልተናገረም። መራመድ የጀመረ ሕፃን አልፎ አልፎ በጣቱ ቢሄድ የተለመደ ነው። ስዊድን ውስጥ ብሌኪንጌ በምትባል አውራጃ 1,436 የአምስት ዓመት ተኩል ልጆች ተጠንተው ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከመቶው አምስት ያህሉ በጣታቸው ይሄዱ የነበሩ ወይም ገና የሚሄዱ ነበሩ፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያ ዕድሜያቸው ትተውታል። እነዚያኑ ልጆች እስከ 10 ዓመታቸው ሲከታተሏቸው 79 ከመቶው በራሳቸው ጊዜ ትተውት ተገኙ። ይህ «ምክንያቱ ያልታወቀ በጣት መራመድ» የምንለው ዓይነት ነው። ስሙን ልብ ይበሉልኝ። ምክንያት ተፈልጎ፣ ተፈልጎ ሲጠፋ የሚሰጥ ስም ነው እንጂ ከፍለጋው በፊት የሚለጠፍ አይደለም።

ቀኑ ሳይደርስ በተወለደ ልጅ ላይ ደግሞ ፍለጋው ጠበቅ ማለት አለበት። ይህን ስል ሌላውን እየከሰስኩ እንዳይመስልብኝ የራሴን ልንገርዎ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት በ31 ሳምንቷ የተወለደች የሁለት ዓመት ልጅ ይዘውልኝ መጡ። በጣቷ ትሄዳለች። እግሯን ይዤ ስገፋው ተረከዟ ያለ ችግር ወረደ። «ለስላሳ ነው፣ ትተወዋለች» ብዬ ሸኘኋቸው። የመመለሻ ቀን አልጻፍኩላቸውም። እናቷ የታዘዘችውን አደረገች፤ ጠበቀች። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመጡ ያን ተረከዝ በሁለት እጄም ገፍቼ ማውረድ አልቻልኩም። ቀደም ብሎ ቢያዝ በልምምድና በሌሊት ድጋፍ ሊያዝ የሚችለው ነገር ለወራት ጄሶ፣ በኋላም ቀዶ ሕክምና ጠየቀ። መጠበቁ አልነበረም ስህተቱ። ሳይለኩና ቀን ሳይቆርጡ መጠበቁ ነበር። ስለዚህ የእርስዎን ሐኪም «ጠብቂ» አልቃወምም፤ እስከ መቼ፣ ምን እየተለካ የሚለው ስለጎደለው ግን አልቀበለውም።

አሁን፣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ምኑ ነው የሚለየው? ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ቀላል ነው፣ ሌላው ከበድ ይላል።

ቀላሉ የማኅፀን ጥበት ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ሕፃኑ ያድጋል፣ ቦታው ግን አያድግም። ጉልበቱ ወደ ሆዱ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ታጥፎ ይሰነብታል። በቀኑ የተወለደ ሕፃን እግሩን ዘርግተው ሲለቁት ተመልሶ እጥፍ የሚለው ለዚህ ነው። ልጅዎ ግን ያ መታጠፍ ሊጀምር ሲል ወጣ። ማሞቂያ ውስጥ በጀርባው፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎንና ወደ ጎን ወድቀው ተኛ። በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ ወደ ኋላ የሚዘረጉት ጡንቻዎች የሚያጥፉትን ይቀድማሉ። ጀርባው ይለጠጣል፤ ብብቱን ይዘው ሲያቆሙት እግሩን እንደ እንጨት አጠንክሮ በጣቱ ይቆማል። ይህን ብዙ ቤት አይቻለሁ፦ «ገና በአምስት ወሩ ቆመ፣ ጀግና ነው!» ተብሎ ይጨበጨባል። ጉልበት አይደለም፤ ግትርነት ነው። ደግነቱ ይህ ዓይነቱ ግትርነት በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየላላ ይጠፋል። እናት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ እጥፍጥፍ አድርጋ የምትይዝበት የካንጋሮ እንክብካቤ ሙቀትና ጡት ብቻ አይደለም ጥቅሙ፤ የተቋረጠውን መታጠፍም በጥቂቱ ይመልሳል።

ከበድ የሚለው አንጎል ውስጥ ነው። ከ24ኛው እስከ 32ኛው ሳምንት አካባቢ የልጁ አንጎል መካከል፣ ፈሳሽ የተሞሉት ክፍተቶች ዳርቻ ያለው ሥፍራ ገና ስስ ነው። የደም ሥሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ የነርቭ መስመሮችን የሚሸፍነውን ነጭ ልባስ የሚሠሩት ሴሎችም ገና ለጋ ናቸው። የደም ፍሰት ሲዋዥቅ፣ ኢንፌክሽን ሲገባ፣ ትንሽ ደም ሲፈስ መጀመሪያ የሚጎዳው ይህ ሥፍራ ነው። ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት መስመሮች ደግሞ ለእነዚያ ክፍተቶች ከሁሉም ቅርብ ሆነው ነው የሚያልፉት፤ የእጆቹ ራቅ ይላሉ፣ የፊቱ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ወንዝ ዳር የተሠራ ቤት ጎርፍ እንደሚቀድመው ማለት ነው። ለዚህ ነው ቀድመው በተወለዱ ልጆች ላይ አእምሮው የነቃ፣ አንደበቱ የተፈታ፣ እጁም የማይሰንፍ ሆኖ እግሩ ብቻ የሚገትረው። ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣውን የእንቅስቃሴ ችግር ሴሬብራል ፓልሲ እንለዋለን፤ እግርን ይበልጥ የሚይዘው ዓይነቱ ይህ ነው።

«ብልህ ነው፣ ብዙ ያወራል» ያሉት ደስ ይላል፤ ለሌላ ጥያቄም መልስ ይሆናል፤ ኋላ አነሳዋለሁ። ግን የእግሩን መስመር ነፃ አያወጣም። ዊልያም ጆን ሊትል የሚባል የለንደን ሐኪም ቀድሞ መወለድንና አስቸጋሪ ምጥን ከእግር ግትርነት ጋር ያያዘበትን ጽሑፍ ያሳተመው በ1862 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሽታው ለብዙ ዘመን በስሙ ይጠራ ነበር። የሚገርመኝ ሰውየው ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ የተጣመመ ነበር፤ ጀርመን ድረስ ሄዶ ጅማቱን አስቆርጦ ነው የቀናለት። ከዚያ በኋላ የሌሎችን ልጆች እግር ሲያይ ኖረ።

እስካሁን ያልኩት ልጅዎ ይህ አለበት ማለት አይደለም። በጽሑፍ ይህን የሚል ባለሙያ ካለ አይመኑት። መለየት የሚቻለው በእጅ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገርዎ፤ ገሚሱን እርስዎም ቤት ሊያዩት ይችላሉ።

ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው ይጠብቁ። ከአንጎል የሚመጣ መገተር በእንቅልፍ ይላላል፤ ያጠረ ጡንቻ ግን ተኝቶም አጭር ነው። በጀርባው ያስተኙት። በአንድ እጅዎ ጉልበቱን ቀጥ አድርገው ይያዙ። በሌላው ተረከዙን በመዳፍዎ ውስጥ ይቀበሉት፤ ውስጥ እግሩ ክንድዎ ላይ ይደገፍ። አሁን ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ የእግሩን ፊት ወደ ቅልጥሙ አቅጣጫ ይግፉት። ውስጥ እግሩ ከቅልጥሙ ጋር ወለልና ግድግዳ እንደሚገናኙት ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል? አልፎስ ይሄዳል? በዚህ ዕድሜ በደንብ ማለፍ አለበት። ቀጥሎ ጉልበቱን አጥፈው ይድገሙት። ሲታጠፍ የሚያልፍ፣ ሲቀና የሚቆም ከሆነ ያጠረው ከጉልበት በላይ የሚነሳው የላይኛው የባት ጡንቻ ነው። ታጥፎም የማይሄድ ከሆነ የታችኛውም ገብቶበታል። ከዚያ ሌላውን እግር። በጎን በኩል በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ጉልበቱ ቀጥ እንዳለ። በየወሩ በዚያው አያያዝ አንድ ፎቶ። ከእኔ ማስታወሻ ይልቅ ያ ፎቶ ብዙ ይናገራል።

ጠዋት ደግሞ ቁምጣ አልብሰው፣ ጫማውን አውልቀው፣ ሳያውቅ ይቅረጹት። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። «በደንብ ሂድ» አይበሉት። የምንፈልገው ሳይታይ የሚሄደውን ነው። ከዚያ በኋላ «እንደ ዝሆን ሂድ» ብለው ያጫውቱት። ሲፈልግ ተረከዙን ጥሎ መሄድ የሚችል ልጅና ቢፈልግም የማይችል ልጅ በጣም ይለያያሉ።

ባለሙያው ጋ የሚቀረው የእኛ ሥራ ነው፤ እርስዎ አይሞክሩት። እግሩን በቀስታ ሳይሆን በፍጥነት እንገፋዋለን። ጤነኛ ጡንቻ ዝም ብሎ ይሄዳል። ትእዛዙ የተዛባበት ጡንቻ መንገድ ላይ ያዝ ያደርጋል፤ አንዳንዴም እግሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ይመታል፤ ትክ ትክ ትክ። ያን አንዴ በመዳፉ የሰማ ባለሙያ አይረሳውም። ጉልበቱን በመዶሻ ነካ እናደርጋለን። ጭኖቹ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚከፈቱ እናያለን። እዚህ ላይ የእርስዎ ትዝታ ያስፈልገኛል፦ ዳይፐር ሲቀይሩለት እግሮቹን መክፈት ይከብድዎ ነበር? ሲድህ እግሮቹን እያፈራረቀ ነው የሄደው ወይስ በክርኑ እየተሳበ ይጎትታቸው ነበር? ሲቀመጥ ሁለቱን እግሮቹን ወደ ኋላ አጥፎ በመካከላቸው መሬት ላይ ቁጭ ማለት ብቻ ነው የሚቀናው?

አሁን ወደ ቀኙ ጫማ። ምክንያቱ ያልታወቀ በጣት መራመድ ሁለቱን እግር እኩል ነው የሚይዘው። ሁለቱም ጫማዎች ጫፋቸው እኩል ሊያልቅ ይገባ ነበር። የአንዱ ቀድሞ ማለቅ አንዱ እግር የተለየ ነገር እየተናገረ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ጠብቂ» የሚለውን ቃል ለጊዜው እንዳነሳው ያደረገኝም ይኸው ነው። ሦስት ነገር ይዩልኝ። አንደኛ፣ የሚበላውም የሚወረውረውም በግራ እጁ ብቻ ነው? አንድ ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ አንዱን እጅ ብቻ ይመርጥ ነበር? በዚያ ዕድሜ ቀኝም ግራም የሚባል ምርጫ ሊኖር አይገባም። ሁለተኛ፣ ሲራመድ ሳይሆን ሲሮጥ ቀኝ ክርኑን ይመልከቱ። ታጥፎ ወደ ላይ የሚነሳ፣ ጣቶቹም የሚጨበጡ ከሆነ በእርጋታ ሲሄድ የተደበቀውን ሩጫ አወጣው ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በጀርባው አስተኝተው ሁለቱን ጉልበቶች ያጥፉና ውስጥ እግሮቹን አንድ ላይ መሬት ያስይዟቸው፤ ጉልበቶቹ እኩል ከፍ ይላሉ ወይስ አንዱ ዝቅ ይላል? ዝቅ ካለ ጉዳዩ ቁርጭምጭሚት ላይ ላይሆን ይችላል፤ ከማቀፊያው የወጣ የዳሌ አጥንት ወይም ያጠረ እግር ልጁን በአንዱ እግሩ ብቻ በጣቱ እንዲሄድ ያደርገዋል። ለዚህ የዳሌ ራጅ በቂ ነው። ሦስቱም ደህና ሆነው ጫማው ብቻ ከሆነ ምናልባት ኳስ የሚመታበት ወይም ባለሦስት ጎማ ብስክሌቱን የሚያቆምበት እግር ነው። እንዲህም አጋጥሞኛል፤ አባትየው ስቆ ነው የነገረኝ።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ። ወንድ ልጅ ስለሆነ፣ ባቱ ያለልክ ወፍሮና ጠንክሮ ከሄደ፣ ከወለል ሲነሳ በእጆቹ ጭኑን እየተመረኮዘ የሚወጣ ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ በተረከዙ በደንብ ይሄድ የነበረ ልጅ ኋላ ላይ በጣቱ ከጀመረ የጡንቻ በሽታ ይመረመራል፤ የመጀመሪያው እርምጃ አንድ የደም ምርመራ ነው። ልጅዎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው በጣቱ የሄደውና ይህ ዝቅ ይላል። ጀርባው ግርጌ ላይ የጸጉር ቁጥቋጦ ወይም ጎድጎድ ያለ ነገር ካለ፣ ሽንቱና ሰገራውም ከተዛባ አከርካሪው ይታያል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም በጣታቸው መሄድ ያዘወትራሉ፤ ልጅዎ ብዙ የሚያወራ፣ ዓይን ለዓይን የሚያይ፣ የሚጠቁምና አብሮ የሚጫወት ከሆነ ግን ሐሳቤ ወደዚያ አይሄድም። ብልህነቱ መልስ የሚሆነው ለዚህ ነው ያልኩት።

አማትዎን በተመለከተ። እናቶቻችን ገላ ካጠቡ በኋላ በቅቤ ማሸታቸው አይከፋም፤ ልጁ ይዝናናል፣ እግሩም ይሞቃል። ጅማት ግን በቅቤ አይረዝምም። ወጌሻው ሌላ ጉዳይ ነው። የተወለቀ ትከሻ ያስገቡ ሰዎች አውቃለሁ፤ አላንቋሽሻቸውም። ነገር ግን ይህ የተሰበረም የወለቀም ነገር አይደለም። በኃይል የተጎተተ ግትር ጡንቻ ይበልጥ ይገትራል። ቀድመው የተወለዱ ልጆች አጥንት ደግሞ ካልሲየምና ፎስፎረስ የሚከማችባቸው የመጨረሻ ሳምንታት አምልጠውታልና በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ስስ ሊሆን ይችላል። ለአማትዎ «ማሸቱን አንቺ እሺው፣ መጎተቱ ይቅር» ብለው ቢያካፍሏቸው የሚስማሙ ይመስለኛል።

ዎከሩን ግን ጎረቤትዎ ገልብጠው ነው የነገሩዎት። ዎከር መራመድን አያፈጥንም። ልጁን አንጠልጥሎ በጣቱ እየገፋ እንዲሄድ ነው የሚያስተምረው፤ ከደረጃ የሚወድቁበትም ብዙ ነው። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. መሸጡንም ማስገባቱንም ከልክላለች። አለመግዛትዎ ጥሩ ነው።

እስኪታይ ድረስ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ዋናው መድኃኒት ቁጢጥ ነው። ተረከዙ መሬት ላይ ሆኖ ቁጢጥ ብሎ የሚጫወትበትን ነገር ይፍጠሩለት፤ ባቄላ ከሰፌድ ወደ ኩባያ መልቀም፣ መኪና በወለል ላይ መንዳት፣ ዶሮ ማብላት። ተረከዙ የሚነሳ ከሆነ ከኋላው ተቀምጠው ጉልበቶቹን ወደ ታች ጫን አድርገው ይያዙለት። ዳገት መውጣት ባቱን ያስረዝመዋል፤ ባሕር ዳር ለጥ ያለች ናት፣ ግን ቤዛዊት ኮረብታ አለችልዎ፤ በእግሩ ይውጣ። ሲያዝሉት እግሮቹ ወገብዎን አቅፈው ተከፍተው ይሁኑ፤ ለዳሌው ከዚህ የተሻለ የተፈጥሮ አቀማመጥ የለም። ማታ ገላውን ከታጠበ በኋላ፣ ቅድም ያሳየሁዎትን አያያዝ ሳይለቁ፣ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ 30 ሴኮንድ ያህል ይያዙት፤ በእያንዳንዱ እግር አምስት ጊዜ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተውን ልንገርዎ፦ የእግሩን ጣቶች ይዘው ወደ ላይ ይጎትታሉ። እንዲህ ሲደረግ የሚለጠጠው ባቱ ሳይሆን የእግሩ መካከል ነው፤ ውስጥ እግሩ እየተሰበረ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ተረከዙ ግን በነበረበት ይቀራል። ተረከዙን ወደ ታች መሳብ ነው ሥራው። ልጁ ካለቀሰ ያቁሙ፤ የሚያለቅስ ልጅ ይገትራል፣ ልፋቱ ይባክናል። ጫማው ደግሞ ከኋላ በኩል ጠንካራ፣ ተረከዙን የሚጨብጥ ይሁን።

«ተረከዝህን አውርድ!» እያሉ ቀኑን ሙሉ አይጩኹበት። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ «እግሬ ስሙ አውርድ ነው» ብሎኛል።

ምርመራው ጡንቻው ማጠር መጀመሩን ካሳየስ? አጥንት ያድጋል፤ ጡንቻ ደግሞ ተከትሎት የሚያድገው በየቀኑ ሲለጠጥ ነው። በጣቱ የሚሄድ ልጅ ባቱን ለጥጦት አያውቅም፤ ስለዚህ አንጎሉ ውስጥ ያለው ነገር ባይባባስም እግሩ ሊባባስ ይችላል። ብዙ ወላጅ ያልተነገረው ይህ ነው። በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚሞከረው ከጉልበት በታች የሚታሰር የፕላስቲክ ድጋፍ ነው፤ ቀን ወይም ሌሊት፣ ወይም ሁለቱንም። ካልበቃ ተከታታይ ጄሶ አለ፤ እግሩ በደረሰበት ልክ ይታሸጋል፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ተፈትቶ ትንሽ ትንሽ ወደፊት እየተገፋ ይታደሳል። ልጆች እንደሚፈራው አይጠሉትም፤ በጄሶ ሲሮጡ ነው የማያቸው። ቦቱሊነም የሚባለው መርፌ የገተረውን ጡንቻ ለጥቂት ወራት ያላላል፤ ብቻውን ግን መድኃኒት አይደለም፣ ለልምምዱና ለጄሶው ጊዜ ይገዛል።

ቀዶ ሕክምና ላይ አስተያየቴ ጠንካራ ነው። ችግሩ ከአንጎል የመጣ ከሆነ የዚህን ዕድሜ ልጅ የተረከዝ ጅማት ለማስረዘም መቸኮል አይገባም። ትንሽ ልጅ ሲሆን ተመልሶ ያጥራል። የባሰው ደግሞ ከልክ በላይ ሲረዝም ነው፤ በጣቱ ይሄድ የነበረው ልጅ ጉልበቱ እየታጠፈ፣ እየተንበረከከ መሄድ ይጀምራል፤ ይህን መመለስ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሁለቱም እግሮች ገና ሳይመረመሩ «ጅማቱን ቆረጥ እናድርገው» የሚል ካጋጠመዎ ሌላ ሰው ያማክሩ።

መገተሩ ከተረጋገጠ የዳሌ ራጅ ይነሳ፤ አሁን፣ ከዚያም በየጊዜው። የዳሌ መውጣት ሲጀምር አያምም፣ አይታይምም። ስዊድኖች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች ዳሌ በቀጠሮ እያዩ መውለቅን ብርቅ አድርገውታል። ራጅ ውድ ነገር አይደለም።

የአንጎል ኤምአርአይ ይነሳለት ወይ ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ከመጀመሪያው አይደለም። በዚህ ዕድሜ ማደንዘዣ ይጠይቃል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም፤ እግሩን የሚመረምረው እጅ ከሚለው ብዙ አይርቅም። ይልቅስ ማሞቂያ ክፍል እያለ እርግብግቢቱ ሳይዘጋ ጭንቅላቱ በአልትራሳውንድ ታይቶ እንደሆነ ያጣሩ። ከሆነ መልሱ ከመውጫ ወረቀቱ ላይ ይኖራል። «በጎኖቹ ነጣ ያለ ነገር» ወይም «ደም» የሚል ካለ ፍለጋችን ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ንጹሕ ከሆነ ያበረታታል፤ ቀላል ጉዳት ግን ሊያመልጠው ስለሚችል በእጅ መመርመሩን አያስቀርም።

እና አንድ ነገር በግልጽ ልበልዎ፤ ሌሊት የሚያስነሳዎት ይህ ሳይሆን አይቀርምና። ልጅዎ ያለ ድጋፍ እየተራመደ ነው። የሚራመድ መሆን አለመሆኑ ጥያቄ አይደለም፤ ተመልሷል። የቀረው እንዴት ይራመዳል፣ እግሩን እስከ ጉርምስናው ሳያጥር እንዴት እናድርስለት የሚለው ነው።

የት ልሂድ ላሉት፦ እዚያው ባሕር ዳር የሕፃናት ስፔሻሊስት ያሳዩትና ወደ ፊዚዮቴራፒ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለው፤ ሩቅም አይደለም። የአጥንትና የጅማት ሐኪም ካስፈለገ አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ዋና ሥራው ይህ ነው፤ የነርቭ ሐኪም ካስፈለገ ጥቁር አንበሳ። በዚህ ወር ውስጥ ይሁን፤ አጣዳፊ አይደለም፣ ለመስከረምም የሚባል አይደለም። ሁሉም ደህና ከሆነና እግሩ ለስላሳ ከሆነ በየ6 ወሩ እየተለካ ይቆይ፤ ቀኑን ደብተሩ ላይ ያጽፉ።

ሲሄዱ የመውጫ ወረቀቱን፣ ሦስቱን ቪዲዮና የእግሩን ፎቶ ይያዙ። አዲስ ጫማ ገዝተው ከሆነም አሮጌውን አይጣሉት፤ ሁለቱንም እግር በፌስታል ይዘው ይሂዱ።